ዳገቱን ጠይቀው

ወዳጄ፣ «ይህን ኮርስ ብስክሌት ላሻሽለው ወይስ ልቀይረው?» ብለህ መጠየቅ ከጀመርክ እንኳን ደስ ያለህ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የሚነዳ ሰው ነው። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የሚለብስበት ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አይመጣበትም። አንተ ግን ሐረርጌ፣ በደሳ ላይ ሆነህ፣ ባጃጁና አይሱዙው መንገዱን ሳይሞሉት በማለዳ ወጥተህ፣ ጉልበትህ እየጨመረ ሲሄድ ብስክሌቱ ወደኋላ ሲቀርብህ አየህ። ጥያቄውን ያመጣው እድገትህ ነውና በደስታ ተቀበለው።

በደስታ ተቀበለው ስልህ ዛሬውኑ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ ማለቴ አይደለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መልሱን የሚያውቅ አስተማሪ ደጅህ ላይ አለልህ፤ እሱም ዘወትር የምትነዳበት መንገድ ነው። ብስክሌት መሻሻልም ሆነ መለወጥ ያለበት በሚነዳበት መንገድ ልክ እንጂ ስልክ ላይ ባየነው ፎቶ ልክ አይደለም፤ ይህንን አጥብቄ አምናለሁ። ስለ ኮርስ ብስክሌት ከምንሰማው ምክር ብዙው የተወለደው በሌላ አገር መንገድ ነው። በኔዘርላንድስ ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ባላጋራ ነፋስ ነው። እኛ ጋ ግን ዳገት ነው፤ ከዳገቱም ቀጥሎ ኮረኮንቹና አቧራው።

በደሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ቺሮ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «መቶ ሜትር ምን አላት!» ሊል ይችላል። መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ግን በመካከል ያለው መሬት ስንት ጊዜ ወጥቶ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ያውቃል። ከቺሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ በነፋስ ሽውታ የወረደ ብስክሌተኛም ሲመለስ እያንዳንዷን ሜትር በላቡ ይከፍላታል። አየሩም ሌላ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ደግሞ ነፋስ የሚይዝህ ነገር ከቁጥር አይገባም። እንግዲህ ነፋስን ለመሰንጠቅ የተሠሩትን ውድ ቸርኬዎች እያየህ «እነዚህ ቢኖሩኝ ኖሮ» እያልክ አትቆጭ። የአንተ መንገድ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ደስ የሚለው ደግሞ ያ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ ርካሽ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ወጪ የለውም። አንድ ደብተር ያዝ። ለአንድ ወር ያህል ከእያንዳንዱ ጉዞ ስትመለስ፣ ላብህ ሳይደርቅ፣ አንድ መስመር ጻፍ፦ ዛሬ ምን አቆመኝ? እግሬ ዳገቱን እንቢ አለ? ወገቤን ወይም አንገቴን አመመኝ? ጎማ ፈነዳ? ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን አላመንኩትም? ማርሹ ሲቀየር ዘለለ? ወይስ ብስክሌቱ ምንም ሳይሆን እኔ ደከመኝ? የመጨረሻውንም በእውነት ጻፈው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ድካም በጉዞ ብዛት የሚገፋ ነገር ስለሆነ ለእርሱ አንድ ብር ማውጣት አያስፈልግህም።

ወሩ ሲሞላ ደብተሩን ግለጥና አንብበው። አንድ ነገር ደጋግሞ ተጽፎ ታገኛለህ። ወገብ፣ ወገብ፣ ወገብ ካለ ችግሩ ከብስክሌቱ ልክ ነው። ጎማ፣ ጎማ ካለ ችግሩ ከጎማው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ወገቡን እያመመው አዲስ የማርሽ ዕቃ ስለሚገዛ ነው። አንተ ግን የራስህን መንገድ ማስረጃ በእጅህ ይዘሃል፤ ማንም ነጋዴ፣ ማንም ጓደኛ ከዚያ ደብተር የበለጠ ስለ አንተ ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ስለ ዳገቱ በቁጥር እንነጋገር፤ ይህ ስሌት ስንቱን ብስክሌተኛ ከከንቱ ተስፋ መቁረጥ እንደሚያወጣ ስለማውቅ ነው። አሮጌ ኮርስ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከፊት ትንሹ ጥርሱ 42፣ ከኋላ ትልቁ 24 ሆኖ ይገኛል። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር 3 ሜትር ከ70 ያህል ትሄዳለህ። በደቂቃ 60 ዙር ለማዞር በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር መሄድ ይኖርብሃል። 8 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ 13 ኪሎ ሜትር የሠለጠነ ተወዳዳሪ ፍጥነት ነው። ያን ፍጥነት ስታጣ ዙሩ ወደ 40 ይወርዳል፣ ጉልበትህ መገጣጠሚያው ላይ ማቃጠል ይጀምራል፣ በመጨረሻም ወርደህ እየገፋህ ትወጣለህ። በዚያች ቅጽበት «እኔ ደካማ ነኝ» ትላለህ። አይደለህም! ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ብስክሌት በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ20 ያህል ነው የሚሄደው። በዚያው 60 ዙር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ትወጣለህ፤ የሚጠይቅህ ኃይልም በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሰውየው ያው፣ ዳገቱ ያው፤ የተለወጠው ጥርሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ብስክሌት 34ና 32ን አይቀበልም። የድሮ ማርሽ ቀያሪ ክንዱ አጭር ከሆነ ከ28 ጥርስ በላይ ላይሸከም ይችላል፤ የድሮ የፊት ጥርስ መቀመጫም እስከ 34 ላይወርድ ይችላል። ቢሆንም ከፊት 39፣ ከኋላ 28 ማድረግ ብቻ የአንዱን ዙር ርቀት ወደ 2 ሜትር ከ90 ያወርደዋል። ይህም ወርዶ በመግፋትና ኮርቻ ላይ ሆኖ በመውጣት መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ደብተርህ «እግሬ እንቢ አለ» እያለ ከሞላ፣ መካኒክህን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይህ ማርሽ ቀያሪ እስከ ስንት ጥርስ ይሸከማል?» ብለህ ይሁን። አዲስ ብስክሌት ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ክብደትስ? ሁሉም ብስክሌት አንስቶ ይመዝናል፣ «ቀላል ነው!» ብሎም ይደነቃል። እስቲ እናስላው። አንተ፣ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ልብስህ ተደምራችሁ 75 ኪሎ ብትሆኑ፣ 3 ኪሎ የሚቀል ብስክሌት ከጠቅላላው 4 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ላይ የምታተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ለተወዳዳሪ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወርቅ ነው፤ ውድድር ያሸንፍበታል። ለጤናው፣ ለደስታውና ወደ ሥራ ለመድረስ ለሚነዳ ሰው ግን ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብሎ የዓመት ቁጠባውን ማፍሰስ አስፈላጊ አይደለም። ዓላማህን ካወቅህ ይህ ቁጥር ራሱ ይወስንልሃል።

ዕቃ ምን ያህል እንደሚያግዝና የት ላይ እንደሚያቆም ከብስክሌት ታሪክ ውስጥ አንድ የማልጠግበው ምሳሌ አለ። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነበር። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን እ.ኤ.አ. በ1996 እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ ነፋስን ለመሰንጠቅ በተሠራ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የዓለም የብስክሌት ማኅበር እንደ መርክስ ዘመን ባለ ተራ ብስክሌትና ተራ አቀማመጥ እንዲሞከር በደነገገው መሠረት፣ ያው ቦርድማን ማንቸስተር ላይ 49.441 ኪሎ ሜትር ነዳ። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥልጠናውም አመጋገቡም ተሻሽሎ፣ ልዩነቱ ከአንድ አነስተኛ ግቢ ርዝመት አልበለጠም። በቦርድማን ሁለት ሙከራዎች መካከል ያለውን ያን ትልቅ የ7 ኪሎ ሜትር ልዩነት ያመጣው ሰውነት ነፋስን የሚያልፍበት አቀማመጥና ለዚያ አቀማመጥ የተሠራው ብስክሌት ነበር።

በመካከላቸው ደግሞ ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ አለ። ገንዘብ አልነበረውም። በገዛ እጁ ብስክሌት ሠራ፤ ለፔዳሉ ማዞሪያ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1993 ኖርዌይ ሐማር ላይ 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ኦብሪ ያደረገው ምን እንደሆነ ልብ በል፦ ምን እንደሚያግደው ጠየቀ፣ «ነፋስ» የሚል መልስ አገኘ፣ ደረቱን ክንዶቹ ላይ አስተኝቶ ነፋሱን ሸሸ፣ ለዚያም የሚሆን ብስክሌት በያዘው ነገር ሠራ። የሚያግደውን ነገር በትክክል ማወቁ ከባለሀብቶቹ ጋር አስተካከለው። አንተ ደግሞ የሚያግድህን ደብተርህ ላይ ጽፈሃል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ውሳኔ እንምጣ። ሐረርጌ የቡና አገር ነውና ይህን ከገበሬው እንማር። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ወዲያው አይነቅለውም፤ ሥሩና ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣና ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደገና ያፈራል። ሥሩ በበሽታ የተያዘውን ግን አይጎነድልም፤ ነቅሎ ሌላ ይተክላል። በሽተኛ ሥር ላይ የሚፈስ ድካም ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። የብስክሌትህ ሥር ፍሬሙና ሹካው ናቸው።

ስለዚህ ብስክሌቱን ገልብጠህ፣ በደንብ አጥበህ፣ በብርሃን ፈትሸው። መሪው ፍሬሙን የሚገናኝበትን፣ የፔዳሉ ማዞሪያ የተቀመጠበትን፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ቱቦዎች መጋጠሚያ አንድ በአንድ እየው። ፀጉር የመሰለች የቀለም ስንጥቅ ብታገኝ ቀለሙን ፍቀህ ብረቱን ተመልከት፤ ስንጥቁ ብረቱ ላይ ከቀጠለ ጉዳዩ ሌላ ነው። የብረት ፍሬም ሲሰነጠቅ በሠለጠነ እጅ ሊበየድ ይችላል። አሉሚኒየም ግን ተበይዶ የቀድሞ ጥንካሬውን አያገኝም። ሹካና የመሪ አንገት ከተሰነጠቁ ከምን ይሁኑ ከምን ብየዳ አይመከርም፤ ቁልቁለት ላይ ሹካ የተሰበረበት ሰው የሚያርፈው በፊቱ ነው። እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም። ፍሬሙ ወይም ሹካው በሽተኛ ከሆነ ብስክሌቱን ለቀህ ተነሣ፤ ሐዘኑ ጥቂት ቀን ነው።

ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ ልኩ ያንተ ካልሆነስ? ይህም የመለወጥ ምክንያት ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የማያውቀው ምክንያት። ኮርቻው ላይ ተቀመጥና ተረከዝህን ፔዳሉ ታች ሲደርስ አሳርፈው፤ ጉልበትህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርህ መዳፍ ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል፤ ትክክለኛው ቁመት ያ ነው። መሪው ከራቀብህ አጭር የመሪ አንገት መግዛት ቀላል ነው። ኮርቻው እስከ ታች ወርዶም ከረዘመብህ፣ ወይም ፍሬሙን አንፈርክከህ መቆም ካልቻልክ ግን ምንም ዕቃ አያድነውም። እህቴ፣ ይህ ለአንቺ ይበልጥ ይሠራል። እኛ አገር የሚገኙት ኮርስ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ለረጅም ወንድ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ወገብሽን ስላመመሽ «ይህ ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ከማለትሽ በፊት የብስክሌቱን ልክ ጠይቂ። በልክሽ የሆነ አሮጌ ብስክሌት በልክሽ ካልሆነ አዲስ ይበልጥሻል።

ፍሬሙ ጤነኛ፣ ልኩም ልክህ ከሆነ ግን፣ ወዳጄ፣ በእጅህ ሀብት አለ። በሙሉ ልብ አሻሽለው። የምታወጣው ገንዘብ ግን ቅደም ተከተል ይኑረው። መጀመሪያ ፍሬን። ጫት የጫነው አይሱዙ ጭነቱ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ይከንፋል፤ አንተም በዚያው ጠመዝማዛ ላይ ነህ። የፍሬን ጎማ በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ሕይወትህን የያዘው ግን እሱ ነው። ፍሬኑ የሚነክሰውን የቸርኬውን ጎን በጣትህ ዳስሰው፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ራሱ አልቋል። ቀጥሎ የፊትና የኋላ መብራት። ከዚያ ጎማ፦ በጎማህና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከትና የሚገባውን ያህል ሰፊ ጎማ ግዛ። የድሮ ብዙ ፍሬሞች 28 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዶቹም 32 ያስገባሉ። ኮረኮንች ላይ ከ23 ወደ 28 መሻገር አዲስ ብስክሌት የገዛህ ያህል ይሰማሃል፤ የጎማ መፈንዳቱም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ነው ለዳገቱ የሚሆነው ጥርስ የሚመጣው።

ካቴናው ደግሞ ለብቻው ይነገርለት፤ በእኛ አቧራና ጭቃ ላይ የገንዘብ ሁሉ መፍሰሻ እሱ ነው። አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ማያያዣ በአንድነት 2.54 ሴንቲ ሜትር ናቸው። እንዲህ ያለውን 20 ጥንድ በማስመሪያ ለካ፤ አዲስ ካቴና 50.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 51.2 ሲደርስ ለውጠው። ካለፈ የኋላውን ጥርስ እየበላ ይሄዳል፤ ያኔ ርካሹን ካቴና ሳይሆን ውዱን ጥርስ ጭምር ትገዛለህ። ብዙዎች ከመካኒክ ቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። አትቀባው፤ በውስጡ የብረት ብናኝ አለ፣ አቧራም ይስባል። በላምባ አጥበህ አድርቀው፣ ቀጭን ንጹሕ ዘይት በየማያያዣው ጠብ አድርግና ትርፉን በጨርቅ ጥረገው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በየሳምንቱ የሚሠራው ሰው የብስክሌቱን እያንዳንዱን ሕመም ገና ሳይብስ ይሰማል።

አሁን ከሁሉ የምፈራውን ልንገርህ። ማሻሻል መስሎ የሚመጣ ግን በእውነቱ ሌላ ብስክሌት የመግዛት ያህል የሆነ ወጪ አለ። «ከኋላ 8 የነበረውን የማርሽ ብዛት 11 ላድርገው» ትላለህ። ለ11 የሚሆን ካቴና ያስፈልጋል። በእጅ የሚነካው የማርሽ መቀየሪያ አይገጥምም፣ እሱም ይለወጥ። ማርሽ ቀያሪውም። ከዚያ የኋላው ቸርኬ ማዕከል 11 ማርሽ አይቀበልም ይሉሃል። አንዱ ዕቃ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ያረጀ ፍሬም ላይ አዲስ ብስክሌት ገዝተህ ትገኛለህ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል፣ የብስክሌት ዕቃም ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የሚጠራራውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስጽፍና ደምር። ድምሩ በልክህ ከሆነ ጤነኛ ያገለገለ ብስክሌት ዋጋ ግማሹን ካለፈ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እለውጣለሁ። ካላለፈ አሻሽላለሁ። ከ8 ማርሽ ጋር መኖርም ምንም አይጎድልበትም፤ ዕቃው ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው።

ለመለወጥ ከወሰንክ በሙሉ ደስታ ለውጥ። «የኖርኩበት ብስክሌት» እያልክ በጥፋተኝነት ስሜት አትያዝ፤ እስከዚህ ያደረሰህ እሱ ነው፣ ሥራውን ሠርቷል። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ድሬዳዋ ትቀርብሃለች። ለጥ ባለ መሬት ላይ የተቀመጠች፣ ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ስለሆነች ምርጫም የሚጠግንም አለ። ግን የተሠራው ለድሬ ሜዳ ነው ወይስ ለበደሳ ዳገት ብለህ ጠይቅ። የኋላውን ጥርስ ቁጠር፣ ካቴናውን በማስመሪያህ ለካ፣ ፍሬሙን ከላይ እንደነገርኩህ ዳስስ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነድተህ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መሆኑን እይ፤ የሚስብ ከሆነ ሹካው ወይም ፍሬሙ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አቦ፣ ምን ታስባለህ፣ ውሰደው!» ቢልህ ፈገግ ብለህ መቁጠርህን ቀጥል።

ሌላም በር አለ። ደብተርህ ላይ ያለው መንገድ ከግማሽ በላይ ኮረኮንች ከሆነ፣ የሚያስፈልግህ ሌላ ኮርስ ላይሆን ይችላል። ሰፊ ጎማ ያለው ማውንቴን ብስክሌት በአስፋልት ላይ ትንሽ ያዘገይሃል፤ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ግን ይወስድሃል። በአገራችንም ውድድር የሚካሄደው በኮርስም በማውንቴንም ስለሆነ በአንዱ ያጣኸውን በሌላው ታገኘዋለህ።

የመወዳደር ህልም ካለህ ደግሞ አትደብቀው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የቆመችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሯት። ወደ 60 ዓመት ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። እነዚህ ሁለት ልጆች ያደጉት ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ነው። አንተም ደጅህ ላይ ያለው ከፍታና ዳገት ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ነው። ለውድድር ከሆነ ያቺ ሁለት ደቂቃ ተኩል ዋጋ አላት፤ ቀላሉን ብስክሌት በዕቅድህ ውስጥ አስገባ። እስኪመጣ ድረስ ግን በያዝከው ብስክሌት ዳገት ውጣ፤ እግር የሚሠራው በመጠበቅ አይደለም።

ቀን ቁረጥ። «አንድ ቀን» አትበል፤ «ከአዲስ ዓመት በፊት» በል፣ ወይም «በልጉ ዝናብ ሳይገባ» በል። ያ ቀን ሲደርስ ከሁለቱ አንዱን ፈጽም። ሳይወስን የሚያመነታ ሰው ካቴናው እያለቀ፣ ፍሬኑ እየሳሳ ይነዳል፤ «ልለውጠው ስለሆነ ለምን እጠግነዋለሁ» እያለ ሁለቱንም ያጣል። የቁጠባውን ገንዘብም ከሌላው ለይተህ አስቀምጥ። አሻሽለህ የሚተርፍህ ቢኖር ለትርፍ ካላማዳሪያ፣ ለጎማ መለጠፊያና ለትንሽ ጎማ መንፊያ አውለው፤ ከከተማ ወጥቶ ጎማ የፈነዳበት ሰው ጎሚስታ በየኩርባው አያገኝም።

አዲሱን ያስገባህ ቀን አሮጌውን አትርሳው። ፍሬሙ የታመመ ከሆነ ለማንም አትሽጠው፤ ቸርኬውን፣ ኮርቻውንና ፔዳሉን ፈትተህ አስቀምጥ፣ ለመለዋወጫ ይሆኑሃል። ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ አንተን ስላልገጠመህ የተውከው ከሆነ ግን በሰፈርህ በእሱ ልክ የሆነ ልጅ አይጠፋም። በቅናሽ ሽጥለት፣ ከቻልክም ስጠው። ከመስጠትህ በፊት የፍሬኑን ጎማ ለውጥለት፣ ኮርቻውን በተረከዙ ለክተህ አስተካክልለት፣ የኋላውን መብራት እሰርለት፣ ማስመሪያ አስይዘህም ካቴና እንዴት እንደሚለካ አሳየው። ደብተርም ግዛለት።